በካውያ የተተኮሰችው

ካውያውን አንስታ ጨርቁን ስትገልጥ ልጇ የሠራቻት፣ እንደ ወረቀት የሳሳችው ቅጠል ጠቁራ ጠበቀቻት። ማታ ቡናማ ነበረች፤ ጠርዟ ተጠቅልሎ፣ መሃሏ ተጨማዶ። አሁን ልጥፍ ብላ ታበራለች። አሮጊቷ ራሷን ዘንበል አድርጋ በኩራት አየቻት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት፤ ሰፈሩ «ካውያ» እያለ ነው የሚጠራት፣ ግማሹ ለሙያዋ፣ ግማሹ ለምላሷ።

«ነይ እስቲ እይ!» ብላ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተጣራች። «አንቺ አፍጥጠሽ አፍጥጠሽ ያላቃናሻትን እኔ አንዴ አለፍ ብዬባት ቀጥ አለችልሽ!»

ልጇ ፎጣ ጸጉሯ ላይ ጠምጥማ ወጣች። አየች። አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለ ነበር፤ ለጩኸት ካውያ መልስ አታጣም። ልጅቷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እማ፣ ምን አደረግሻት?»

«ተኮስኳት ነዋ! ያውም ሁለት ጨርቅ መሃል አድርጌ፣ እንደ ሐር። ዛሬ በእንግዳ ፊት ልታቀርቢያት አይደል? የተጨማደደ ነገር ይዘሽ ልትገተሪ ነበር?»

ልጅቷ ከቦርሳዋ ትንሿን የኤሌክትሪክ መለኪያ አወጣች። ሁለቱን ሽቦዎች ቅጠሏ ላይ ስታሳርፍ መለኪያው ጢጥ አለ፤ ኤሌክትሪክ ያልፋል ማለት ነው። እንደገና ነካች፤ እንደገና ጢጥ።

«አለቀላት» አለች።

«ምኗ ነው ያለቀው? አልተበሳች፣ አልተቀደደች!»

«ግራፊን ኦክሳይድ ናት እማ። ካውያ ሲነካት ኦክስጅኗ ይወጣና ሌላ ነገር ትሆናለች። ሥራዋ እኮ መሃል መቆም ነበር። ሃይድሮጅኑ ኤሌክትሪክ አመንጪው ሴል ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል፤ ፕሮቶኑን ታሳልፋለች፣ ኤሌክትሪኩን አታሳልፍም። ኤሌክትሪኩ መንገድ ሲያጣ በሽቦ ዞሮ ይሄዳል፣ መብራቱን የሚያበራውም ያ ነው። አሁን ይቺ የመጣውን ሁሉ ታሳልፋለች።»

«ዘበኛው ሰከረ በይኛ።»

«ሰከረ አይደለም፣ ሞተ።»

ካውያ ዝም አላለችም፤ መቼ ዝም ብላ ታውቅና። ያረረ ጨርቅ የምታድንበት የራሷ መላ ነበራት። ሎሚ ጨመቀች፣ ውሃ ረጨች፣ በእርጥብ ፎጣ ሸፈነች። «ውሃዋን ስትጠጣ ቀለሟ ይመለሳል፣ ቆይ» ትላለች። ገልጣ አየች። እንዳለች ጥቁር ናት። ደንበኞቿን በሙሉ ጠይቁ፤ ካውያ የሰው ልብስ አሳረርኩ ብላ አታውቅም። ያረረ ነገር ካለ ጥፋቱ ሁልጊዜ የጨርቁ ነው። «ይሄም እንግዲህ ጥሩ ዕቃ ቢሆን ኖሮ…» ብላ ጀመረችና የልጇን ፊት አይታ ዋጠችው።

ልጅቷ ቅጠሏን ለብዙ ወር ስትሠራት ነው የከረመችው። ከእሷ ሌላ የላትም። ዛሬ የሚመጡት ገንዘብ ሰጪ እንግዶች መብራቱ ሲበራ ካላዩ የምርምር ክፍሉ ይዘጋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቅጠሏ እዚህ ቤት መገኘቷ ነው። ቅጠሏ የምትደርቅበትን የቤተ ሙከራ ኦቨን ሁሉም እየመጣ ይከፍተዋል፣ እሷ ደግሞ ነፋስ ሲነካት ትሰነጠቃለች። ስለዚህ ልጅቷ ዓርብ ማንም ሳያያት ቦርሳዋ ውስጥ ከታ አምጥታት፣ እናቷ በማትደርስበት ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣት ነበር። ካውያ ግን ወንበር ላይ መውጣት ትችላለች።

«ማንም ሳያይ ቦታዋ እመልሳታለሁ። ዕቃ አውጥታለች ከተባልኩ ዛሬውኑ ያባርሩኛል» አለች ልጅቷ ጫማዋን እያሰረች። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ እማ። በሞቴ።»

«እኔ ምን ቆርጦኝ!»

ብቻዋን ግን አልለቀቀቻትም። ታክሲ ውስጥ ቅጠሏን ሁለት መስታወት መሃል አድርጋ ጭኗ ላይ አቅፋ ሄደች።

ቤተ ሙከራው በራፍ ላይ ያለች ወንበር ላይ አስቀመጧት። በሩ ክፍት ነው፤ ሁሉም ይታያታል። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ተጣድፎ፣ ቀለሟን ልብ ሳይል ቅጠሏን ሴሉ ውስጥ አስገባ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ጋዙን ከፈተ። መብራቱ ላይ ሁሉም አፈጠጡ። ጭል እንኳን አላለም።

«ይቺ እኮ በሙቀት ጠቁራለች!» አለ ዶክተሩ ሴሉን ከፍቶ። «እንግዶቹ ግቢ ገብተዋል! የት ነው የደረቀችው?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «ኦቨን ውስጥ። ሙቀቱ… ከፍ ብሎ ያደረ ይመስለኛል።»

ዶክተሩ ማሽኖቹን የሚቆጣጠረውን ሰውዬ አስጠራ። ሽበታም ነው፤ የሥራ ካፖርቱን ቁልፍ እየቆለፈ ሮጦ መጣ።

«አባባ፣ ኦቨኑን ዓርብ ምን ላይ ነው የተዉት?»

«ዝቅ አድርጌው ነው የሄድኩት ዶክተር። ሁልጊዜም እንደማደርገው።»

«ታዲያ ይሄን ማን አሳረረው? ጋኔን ነው?»

ሽማግሌው ጥቁሯን ቅጠል አየ። ወደ ኦቨኑ ዞረ፣ ተመልሶ አየ። ጣቱን በአየር ላይ ሲያዞር ታየ፤ ዓርብ ማብሪያውን ወደ የት እንዳዞረው ሊያስታውስ ነው።

«ዝቅ ያደረግሁት ይመስለኛል» አለ፣ ድምፁ እየቀጠነ። «ዘንድሮ ደግሞ እረሳለሁ። ምናልባት… እኔ ልሆን እችላለሁ ዶክተር።»

«ጡረታዎ ሊወጣ ሲል ነው እንዲህ የሚሠሩኝ?»

ልጅቷ በሩ ላይ ያለችውን እናቷን አየች። ዓይኗ ሌላ ምንም አይልም፤ ዝም በይ፣ ዝም በይልኝ ብቻ። ካውያ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ስንት ዘመን ሙሉ በጨርቅ አሳብባ ኖራለች፤ ጨርቅ አፍ የለውም፣ ሠርቶ የሚያበላው ቤተሰብም የለው። ይሄ ሰውዬ ግን ያላጠፋውን ጥፋት ከራሱ ውስጥ ቆፍሮ ሊያወጣ ላብ አጥምቆታል። አንዲት ልጅ ናት ያለቻት። እንጀራዋ ደግሞ እዚህ ቤት ነው።

ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

«እማ!» አለች ልጅቷ።

«ስማ ዶክተር» አለች ካውያ ወደ ውስጥ እየገባች፣ «እሳቸውን ተዋቸው። ያሳረርኳት እኔ ነኝ። ቤቴ፣ በገዛ እጄ።»