ሳንባ የሰጠው ቃል

ሰው በኀዘን ጊዜ ጥፋተኛ ፍለጋ ከቤቱ ይወጣል፤ ራሱን ግን እቤት ትቶ ነው። ግርማይም እንዲሁ አደረገ። ካዛንቺስ የሚኖሩት እናቱ ወይዘሮ ፀሐይቱ አንድ ማለዳ ትራሳቸው ላይ ተደፍተው ሞተው ሲገኙ፣ ስታስታምማቸው የከረመችውን የግቢ ጎረቤታቸውን ኩልሱምን «አፍና ገደለችብኝ» ሲል ለፖሊስ አመለከተ።

እድርተኛው ድንኳን ተክሎ ነበርና አስከሬኑ ለምርመራ ይሄዳል ሲባል ብዙው አጉረመረመ። ኩልሱም ብቻ ቀና ብላ፣ «ይመርመሩ እንጂ፤ ስሜን ይዘውብኝ እንዳይቀበሩ» አለች።

ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላም የሳንባው ምርመራ ሳምንታት ፈጀ። ውጤቱ በደረሰ ዕለት ዶክተር ሊዲያ ግርማይን አስጠርታ፣ ከሳንባው የተወሰደው ስስ ቁራጭ በልዩ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ መታየቱን ነገረችው። ሳንባ ብቻውን ሁሉን አይናገርም፤ ነገር ግን የሳንባውን ዋና የደም ሥር የዘጋው የረጋ ደም ከሞት በኋላ የመጣ አልነበረም። የሥሩ ሕዋሳት በላዩ ማደግ መጀመራቸው ቀናት ማስቆጠሩን ይመሰክራል። የተነሣው ከእግራቸው ነው። የመታፈን ምልክትም አልተገኘም።

«ብዙ ይተኙ ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

ግርማይ አንገቱን ደፋ። እናቱ ወድቀው ከታመሙ ወዲህ እግራቸው መሬት እንዳይነካ ያዘዘው እርሱ ነው። ኩልሱም ደግፋ በረንዳ ልታወጣቸው ስትል፣ የታመመ ሰው ዕረፍት እንጂ ሽርሽር አይሻም ብሎ በጎረቤት ፊት የገሠጻትም እርሱ ነው። ሐኪሟ መተኛት አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው እንዳልሆነ ብትነግረውም አልተጽናናም። ኩልሱም ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣችም ነበርና።

በቀጥታ በሯ ላይ ሄዶ ቆመ።

«የተሳሳትሁት እኔ፣ የከሰስሁት አንቺን። ስለ ምን ዝም አልሽ?»

«እማማ ‹ልጄን አደራ› ብለውኛል። አንተንም ማስታመም ነበረብኝ» አለችው። «ግባ እንግዲህ፤ ይቅርታ እንደ ቆጣሪ አንባቢ በር ላይ ተቁሞ አይጠየቅም።»

በአርባው ዕለት ግርማይ በእድርተኛው ፊት ተነሥቶ ክሱ ሐሰት እንደነበረ ተናገረ። አስቀድሞም የኩልሱምን ወንድም ሙሐሲንን፣ መጥቶ ለሙስሊም ጎረቤቶች አንድ በግ እንዲያርድ ለምኖት ነበር። እርሷን ግን ከእንግዶቹ ዘንድ ሳይሆን ከቤተሰቡ ረድፍ፣ ከቀኙ አስቀመጣት፤ የመጀመሪያውንም ሰሐን በገዛ እጁ አቀረበላት። ከዚያም ከጎኗ ተቀምጦ፣ እንዲህ ያለች ሰው ስለ ሰጠው ፈጣሪውን በልቡ ሲያመሰግን ቆየ።

ኩልሱም ጎሰም አደረገችው።

«ተነሥና እንግዳ አስተናግድ» አለችው፤ «ብዙ መቀመጥ ለእግር አይበጅም።»

ግርማይ ፈጥኖ ተነሣ።