ሙቃጠዓ

በኬ ነው ወይስ በኪው የሚጻፈው፣ ዜና አንባቢው እንደ አይስክሬም አቅልጦ ነው የሚጠራው፣ ሙካታ፣ ሙካታ፣ ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ የምተይበው ደግሞ እኔ፣ ራማላ፣ ታንኮች፣ ግማሹ የፈረሰ ግቢ፣ የመንግሥት ዋና መሥሪያ ቤት ነው ይላሉ፣ ታዲያ ለምን ሄድኳርተርስ ብለው አይገላገሉም፣ ዐረብኛውን ምን ቢያዩበት ነው የተዉት? ማሚ። ማሚ ካርቱም ኖራለች። ብሬክ ስወጣ እደውላለሁ።

ሊልበርን ከተማ ቤቷ ምንጣፉን ቫክዩም እያደረገች ነው፣ ማሚ ሙካታ ምንድን ነው፣ ምን አልሽ? ሙካታ። ቫክዩሙ ጠፋ። ሙቃጠዓ ትላለች ከጉሮሮዋ ሥር፣ ስልኩን ሌላ ሴት የተቀበለቻት ይመስል፣ ወረዳ ማለት ነው፣ የወረዳው ቢሮም፣ አሃ፣ እንደ ካውንቲ በይው፣ ሎረንስቪል እንዳለው ሕንፃ፣ ሶ እኛም አለን ማለት ነው እላለሁ፣ እስቃለሁ፣ እሷ አትስቅም። ሌላም ነው፣ ሰው ሰውን ሲቆርጥ። ሲቆርጥ? ሳያናግረው ሲቀር፣ እንደ ሱአድ። ሱአድ ማናት?

ቫክዩሙን ወደ ጥግ ስትገፋው ይሰማኛል።

እህቴ ናት፣ በአባት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እህት አላት፣ እኔ አክስት አለኝ፣ ዋት? ካርቱም አንዲት ክፍል ውስጥ ሦስታችን ነበርን ትላለች፣ አንቺን የምታዝልሽ እሷ፣ የአሜሪካ ወረቀት ሲመጣ የኔና ያንቺ ስም ብቻ፣ አልሄድም ልበል? ኤርፖርት ድረስ ሸኘችን፣ ሻንጣውን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች፣ ብጽፍ መልስ የለም፣ ብደውል የለም። አሁንም ካርቱም ናት? አይ። ታዲያ የት?

ዱሉዝ።

ዱሉዝ! የጥርስ ሐኪሜ ያለበት ዱሉዝ? ዲቪ ደርሷት መጣች፣ መጋዘን ትሠራለች፣ ሰው ነገረኝ። ቤቷን ታውቂዋለሽ? አንዴ በመኪና አልፌ አይቼዋለሁ። አንዴ? እሺ፣ ሁለት ሦስቴ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የምነዳው እኔ ነኝ፣ አፓርታማው ፊት ፓርክ አደርጋለሁ፣ አልወርድም ትላለች ማሚ፣ አትውረጂ፣ እኔ ግን ማየት አለብኝ፣ ምን ትመስላለች፣ ትቆጣ ይሆን፣ በምን ቋንቋ ትቆጣ ይሆን፣ አንኳኳለሁ፣ ይከፈታል፣ ኦ ማይ ጋድ፣ የማሚ ግንባር፣ የማሚ ቅንድብ፣ ከሻሽ ሥር። ማንን ፈልገሽ ነው? የምሥራች እባላለሁ፣ የውቢት ልጅ። ከላይ እስከ ታች ታየኛለች፣ ጀርባዬን ስታረጥቢ የነበርሽው? ልስቅ ስል በትከሻዬ አሻግራ መኪናውን አየችው፣ ፊቷ ጠቆረ፣ አሁን ትዘጋብኛለች፣ አልዘጋችም፣ በካልሲዋ ወጣች፣ አስፋልቱ ያቃጥላል እኮ፣ በካልሲ፣ እከተላታለሁ፣ የመኪናውን መስኮት ትቆረቁራለች፣ ማሚ ቀና አትልም፣ እንደገና ትቆረቁራለች፣ መስታወቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ማን ይጀምራል፣ ማን፣ ውቢት ትላለች ሱአድ፣ አረጀሽ እኮ፣ አንቺስ ትላለች ማሚ፣ በሩን ለመክፈት እየታገለች፣ አንቺስ።