በመሪጌታ ገላ የነቃው ውሻ

ታንጉት ባሏን መሪጌታ ቀለመ ወርቅን የያዘቻቸው ጀርባቸውን በበሩ መቃን ሲያሹ ነው። ላሚቱ እንኳ እንዲያ አትታሽም።

«ኧረ ቤቱን እንዳይጥሉብኝ! ምን ሆነው ነው?»

«ምንም።»

«‹ምንም› አያሳክክም። እጀ ጠባቡን ያውልቁ!»

ቢያወልቁት ጀርባቸው ቀይ ሽፍታ ብቻ ሆኗል።

መሪጌታ የቤተ ልሔም የድጓ ዜማ መምህር ናቸው። ድምፃቸው ከጋራ ጋራ ይሰማ የነበረ ሰው፣ የኩላሊት ካንሰር ይዟቸው ወደ ሳንባ ወጣና በሳል ታፍነው ዓመቱን ዝም አሉ። የአዲስ አበባ ሐኪሞች «በቢላ አይወጣም» ብለው ሁለት መድኃኒት አጣመሩላቸው፤ ጧትና ማታ የሚዋጥ እንክብል፣ በየሃያ አንድ ቀኑ ደግሞ በደም ሥር የሚንጠባጠብ። ከዚያ ወዲህ የመሪጌታ ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ ለጥምቀት ታቦቱን በዜማ መሸኘት።

«ሽፍታውን ከተናገርሁ መድኃኒቱን ይከለክሉኛል፤ ጥምቀትም ያመልጠኛል» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«አርባ ዓመት ተማሪ ሲቆነጥጡ ኖረው የራስዎን ቁንጥጫ ይደብቃሉ? ነገ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ነው!»

በሆዷ ግን ፈርታለች። ሁለቱ መድኃኒቶች እንደ ጣውንት በአንድ ገላ የተጣሉ መስሏታል።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪማቸው ዶክተር ዮርዳኖስ ጀርባቸውን አየችና፣ «እማማ፣ አልተጣሉም» አለቻት። «ሰውነት የራሱ ዘበኛ አለው። ካንሰሩ አታሎ አስተኝቶት ነበር፤ የሚንጠባጠበው መድኃኒት ቀሰቀሰው። እንክብሉ ደግሞ ካንሰሩ የሚመገብበትን የደም መንገድ ይዘጋል።»

ታንጉት ጭኗን መታች። «የእኛ ውሻ ነዋ! ሌባ ሥጋ ወርውሮለት ተኝቶ ኖሮ፣ ሲነቃ ባለቤቱንም ነከሰ!»

ዶክተሯ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እንደዚያው ነው። ይህ ንክሻ ቀላል ነው፤ ቅባት አዝዝላቸዋለሁ። ካልነገሩኝ ግን አንጀትም ሳንባም ሊነክስ ይችላል። መሪጌታ፣ ሁለተኛ እንዳይደብቁኝ!»

«እኔ እያለሁ የት ይደብቃሉ?» አለች ታንጉት። «ታዲያ ማሳከኩ ሌባው ሸሸ ማለት ነው?»

«እሱንስ የሳንባው ፎቶ ይንገረን።»

ፎቶው በማግስቱ ተናገረ። በሳንባቸው ላይ ባቄላ ያክል የነበረው እባጭ ምስር አክሏል፤ አንዳንዱም ጠፍቷል።

«ገና ድነዋል አይባልም፤ ግን በሽታው እያፈገፈገ ነው» አለች ዶክተሯ።

ታንጉት ከ«ግን» ወዲያ ያለውን ብቻ ሰማች። እልልታዋ ሆስፒታሉን ሲያናጋው ጥበቃው ዱላውን ይዞ ሮጦ መጣ።

«ምን ጠፋ እማማ?»

«ሌባው ነዋ የጠፋው! አንተ ሂድ አርፈህ ቁጭ በል፤ የእኛው ዘበኛ ነቅቷል!»

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለስ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ፊት ቆሙ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ሳል ያዛቸው። ታንጉት የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ! እንደ ድሮው ጋራ አይሻገርም፤ ግን አልተሰበረም። ካህናቱ ተቀበሏቸው፣ ከበሮው ተመታ፣ አቧራው ተነሣ። በሽብሸባው መሃል መሪጌታ መቋሚያቸውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ አዞሩና ጀርባቸውን እክክ፣ እክክ አደረጉ።

ያየቻቸው ታንጉት ብቻ ናት። ሳቋና እልልታዋ አንድ ላይ ፈነዳ።

«እሰይ የእኔ ውሻ! በርታ፣ እንዳትተኛ!»

ጎረቤቷ ታደለች ደንግጣ ዞረች። «ኧረ በስመ አብ! የማን ውሻ ነው በታቦት ፊት?»

«የመሪጌታ ነው። አንቺን አይነካሽም፤ ይልቅ እልል በይ!»