ፊቱን ወደ በር ያዞረ ጫማ

መጀመሪያ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፤ ከመስጊዱ በታች ሲደርስ ፀጥ አለ። ከዚያ የመኪና በር ተጠረቀመ። አንዴ፣ ደግሞም አንዴ።

የሻኒሻ እጅ የበቆሎ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቀጥ አለ። ጀርመኖች ወደዚህ ተራራ ሲመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

"መጡ አባባ" አለች።

 አማቷ ሁስኒ የመንደሩ ወንድ ሁሉ የሚደፋውን ነጭ የሱፍ ቆብ አንስተው አጠገባቸው ለተቀመጡት ሰው ሰጡ። እኚህ ሰው በዚህ ቤት ታሂር ይባሉ እንጂ ስማቸው ማታትያ ነው፤ የበራት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ፣ አይሁዳዊ፣ የሁስኒ የሃያ ዓመት ወዳጅ። ጀርመኖች አይሁድን መልቀም ሲጀምሩ ከሚስታቸው ከአኔታ ጋር መጡ። በወረቀታቸው ላይ የሁስኒ ወንድም፣ የዚሁ ቤት ነዋሪ ተብሎ ተጽፏል። መንደሩ እውነቱን ያውቃል፤ ግን የአንድ ቤት እንግዳ የመንደሩ ሁሉ እንግዳ ነውና ትንፍሽ ያለ የለም።

"ይኼ ቆብ ይጠበኛል" አሉ ማታትያ። "ወንድምህ ከሆንኩ ጭንቅላቴም እንዳንተ ትንሽ መሆን ነበረበት።"

"ዝም ብለህ ተቀመጥ! ወሬህ ነው የጠበበን።"

ሁለቱም ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ጀርመናዊው መኮንን ከነከስክስ ጫማው ምንጣፉን ረግጦ ገባ። አብሮት የመጣው አስተርጓሚ ግን የአገር ልጅ ነው፤ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። ሻኒሻ ጎንበስ ብላ ጫማውን አነሳች፣ አስተካክላ አስቀመጠች፣ ገባች። ምን እንዳደረገች እንኳ አላወቀችም።

"ስንት ናችሁ?" አለ አስተርጓሚው።

"አምስት" አሉ ሁስኒ። "እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንድሜ ታሂር፣ ሚስቱ፣ ምራታችን። ልጄ ለሥራ ኤልባሳን ከተማ ነው።"

"ወንድምህ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የሚኖረው?"

"ከተወለደ ጀምሮ! የት ይሂድ?"

"እንግዳ አለ?"

"ዛሬ ከእናንተ በቀር እንግዳ የለንም።"

ሻኒሻ ዓይኗ በሩ ላይ ያረፈው ያኔ ነው። 

እንግዳ ሲገባ የቤቱ ሙሽራ ጫማውን ወደ ውጭ ታዞራለች፤ ሲወጣ ዞር ሳይል እንዲያጠልቀው። የቤተኛ ጫማ እንደወደቀ ይቀራል። እናቷ ይህን ያስተማረቻት በቁንጥጫ ነበር። ስለዚህ እጇ በየማለዳው ሳይታዘዝ ይሠራል፤ ዛሬም ሠርቷል። የእሷና የአማቶቿ ጫማ እዚያና እዚህ ተጥሏል። የማታትያና የአኔታ ግን ተወልውሎ፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሯል። ከአጠገቡ፣ ልክ እንደዚያው የዞረው፣ የአስተርጓሚው ነው።

ሄዳ ልትበትነው ፈለገች። መኮንኑ በመካከል ቆሟል። ጀርመናዊው ዓመት ሙሉ ቢያየው አይገባውም። አስተርጓሚው ግን እንዲህ ጫማ የምታዞር እናት አለችው፤ ምናልባት ሚስትም አለችው።

መኮንኑ የመታወቂያ ወረቀታቸውን ተቀብሎ፣ አገላብጦ መለሰና ወደ ግቢው ወጣ። አስተርጓሚው ደፉ ላይ ተቀመጠ። አንዱን ጫማ አጠለቀ። ሁለተኛውን አንስቶ፣ እንደያዘው ቀረ።

"ሙሽራ" አለ ፊቱን ሳያዞር።

"አቤት።"

"እዚህ ቤት ከገባሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ሦ... ሦስት ወር።"

"እናትሽ በደንብ ነው ያሳደገችሽ።"

 አስተርጓሚው ጎን ለጎን ወደ ተደረደሩት ጫማዎች አመለከተ።

"እነዚህ ሁለቱ የማን ናቸው?"

መዋሸት ፈለገች፤ የማን ልትል? "የአጎቴ የታሂር። የእሳቸውና የባለቤታቸው።"

"ከተወለደ ጀምሮ እዚህ የሚኖረው?"

"አዎ" አሉ ሁስኒ። "ወንድሜ ነው አልኩህ እኮ።"

ከግቢው መኮንኑ ጮኾ አንድ ነገር ጠየቀ። አስተርጓሚው በዚያው ቋንቋ መለሰለት፤ ረዘም ያለ መልስ ነበር። ሻኒሻ አንድም ቃል አልገባትም። ግድግዳውን ተደገፈች።

አስተርጓሚው ጎንበስ አለ። የማታትያን ጫማ አነሳና ፊቱን ወደ ቤት አዙሮ አስቀመጠው። ቀጥሎ የአኔታን። አንደኛውን በእግሩ ገፋ አድርጎ እንደ ቤተኛ ጫማ ከሁስኒ ጫማ ላይ አጋደመው። ከዚያ ሁለተኛ ጫማውን አጠለቀ፣ ማሰሪያውን ቀስ ብሎ አሰረ፣ ተነሣ፣ በሩን እንደተከፈተ ትቶት ሄደ።