ያልደረሰ ዛፍ ዋጋ

አጎቴ ገበየሁ ዛፉን ለመሸጥ በቆረጠበት ሳምንት ለምስክርነት ብሎ አስጠራኝ። የፈለገው ግን ቡዳፔስት አምስት ዓመት የተማረ ሰው አጠገቡ ቆሞ «ልክ ነዎት» እንዲለው ነበር። እኔ ደግሞ ከተመለስኩ ከስምንት ወር ወዲህ ስለ ምንም ነገር «ልክ ነው» ማለት አቅቶኛል።

የአጎቴ ልጅ ውዴ ዳንግላ ፊዚክስ ታስተምራለች። ምኞቷ አብራሪ መሆን ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት «ፈተናውን አልፈሻል» ካላት ሁለት ዓመት ሆነ፤ በዚህ ሁለት ዓመት ክፍያው ከእጥፍ በላይ ጨመረ። አውሮፕላኑም መለዋወጫውም በዶላር ነው የሚገዛው። ደውዬ ስጠይቅ መዝጋቢዋ ሁለት መንገድ ነገረችኝ። የመጀመሪያውን ዙር፣ ማለትም አርባ የበረራ ሰዓት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሙሉውን የከፈለ ሰው በዛሬው ዋጋ ይማራል። በየአሥር ሰዓቱ መክፈልም ይቻላል፤ ያኔ ግን ቀጣዩ አሥር ሰዓት የሚከፈለው በዚያን ቀን ዋጋ ነው።

አጎቴ ያለው ጥርባ አጠገብ አንድ ሄክታር ተኩል ዲከረንስ ነው። እኛ አገር ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ብዙ ሰው ይህን ዛፍ ተክሎ በአምስተኛው ዓመት ለከሰል ይሸጠዋል። የአጎቴ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ዛሬ ቢሸጥ ለአርባው ሰዓት እንደምንም ይበቃል፤ ሁለት ዓመት ቢቆይ እጥፍ ያወጣል።

ከእንጅባራ በባጃጅ ሄደን የእግር መንገዱ ላይ ወረድን።

«ይሄይስ፣ ሻንጣህን ፈታኸው?» አለኝ አጎቴ።

«ፈትቼዋለሁ።»

«እናትህ አልተፈታም ትላለች።» ሳቀ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ። ውዴ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኳን ከፍ አድርጋ ራቅ ብላ ትከተለናለች። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የዛሬ ሁለት ዓመት ገንዘቡ ነበረኝ።»

«የምኑ?»

«የአርባው ሰዓት። የላይኛውን ማሳ ዛፍ ሸጬ፣ የባንክ ደብተሬን ይዤ ላስመዘግባት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ዋጋውን ጠራች። እኔም እንደ ደንቡ ግማሹን ጠራሁ።»

«የበረራ ትምህርት ቤት ላይ ተከራከሩ?»

«ሳቀች። ‹አባቴ፣ ዋጋው አንድ ነው› አለችኝ። ዳንግላ ገበያ ‹ዋጋው አንድ ነው› የማይል ማን አለ? ‹አስቡበት› ብዬ ወጣሁ። እስኪጠሩኝ ብዬ በሩ ላይ የጫማዬን ክር ሦስት ጊዜ አሰርኩ። በሳምንቱ ይደውላሉ አልኩ፤ በወሩ አልኩ። ከዚያ ገንዘቡ በሬ ሆነ፣ የወንድሟ ሠርግ ሆነ። ለእሷ ቦታ ሞልቷል አልኳት።»

መሳቅም መቆጣትም አልቻልኩም። እኔ ራሴ ቡዳፔስት በገባሁ ሳምንት ዳቦ ቤት ውስጥ ዋጋ ተከራክሬ፣ አፍሬ ወጥቻለሁ። ዳቦው ግን በማግስቱም በዚያው ዋጋ ነበር።

ዛፉን የሚገዛው የከሰል ነጋዴ ሀቢብ ከዳንግላ መጥቶ ማሳው ዳር ይጠብቀን ነበር። በመደዳዎቹ መካከል ተመላልሶ ግንዶቹን በመዳፉ ጨበጥ ጨበጥ አደረገ።

«አያ ገበየሁ፣ ይሄ እኮ ገና ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ይታገሡ፤ እኔው እጥፍ እከፍልዎታለሁ።»

«ዛሬ ስንት ትሰጣለህ?»

ሀቢብ ለመከራከሪያ የሚሆን ዝቅተኛ ዋጋ ጠራ።

«ተስማምቻለሁ» አለ አጎቴ።

ሀቢብ ደነገጠ። «ኧረ አያ፣ ምን ነካዎት? ይሳደቡ እንጂ! ባለፈው ለአንድ ጆንያ ድንች ግማሽ ቀን አቁመውኝ አልነበረም?»

ውዴ ስልኳን ኪሷ ከተተች። «አባ፣ ምን ሆነሃል?»

«መከራከር ጠላሁ» አለ። ከዚያም እዚያው፣ ሀቢብ እየሰማ፣ ለእኔ የነገረኝን ሁሉ ነገራት። ስለ ጫማው ክር ግን አላነሣም።

ውዴ ወደ ዛፎቹ ዞረች። «ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «ፈተናውን በደንብ ስላልሠራሁ ነው ቦታው ለሌላ የተሰጠው እያልኩ ነበር።»

አጎቴ በአገውኛ አንድ ነገር አላት። የእኔ አገውኛ ዝጓል፤ አልገባኝም። እሷ በአማርኛ መለሰች። «ይቅርታውን ኋላ፣ አባ። አሁን ዋጋውን እንጨርስ።» ወደ እኔ ዞረች። «ይሄይስ፣ ብቻዬን እንድበር የሚፈቅዱልኝ በስንተኛው ሰዓት ነው?»

«አስተማሪው ካመነብሽ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ባለው።»

«ሀቢብ፣ በመንገዱ በኩል ያለውን ግማሽ ብቻ ነው የምንሸጠው። በጠራኸው ዋጋ ግን አይሆንም።»

«ተመስገን፣ ሰው ተገኘ!» አለ ሀቢብ። ተከራከሩ። ሁለት ጊዜ ጥሏት ሄደ፣ ሁለቴም ራሱ ተመለሰ። የሃያ ሰዓት ገንዘብ ላይ ተስማሙ።

አጎቴ አልተዋጠለትም። «ሃያ ሰዓት ፈቃድ አያሰጥም። ሁሉንም ሸጠን በዛሬው ዋጋ እንጨርሰው!»

«ሁሉንም ሸጠን ባይሆንልኝስ? በምን ትኖራላችሁ?»

«ይሆንልሻል።»

«እኔ ራሴ ሳልሞክረው አንተ በምን አወቅህ?»

ወደ እኔ ዞረ። «ተናገር እንጂ! ልክ ናት?»

ዛፉ በሁለት ዓመት እጥፍ ያወጣል። ክፍያውም በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በሚመጣው ሁለት ዓመት የትኛው እንደሚቀድም የሚያውቅ ሰው እንጅባራም ሆነ ቡዳፔስት አላጋጠመኝም። ግማሹን ብትሸጥ ከመንገድ ልትቀር ትችላለች፤ ሁሉንም ብትሸጥ ቤቱ ባዶ ሊቀር ይችላል።

«አላውቅም» አልኩ።

«አምስት ዓመት ተምረህ!» አለ አጎቴ።

ሀቢብ ግማሹን ለመለየት ገመድ አውጥቶ ጫፉን ሰጠው። አጎቴ ገመዱን እየጎተተ ገባና መሃሉን አልፎ ቆመ።

«መሃሉ እዚህ ነው።»

ውዴ መደዳዎቹን ከመንገዱ ጀምራ ቆጠረች። «አይደለም። አምስት መደዳ አሳልፈሃል፤ ተመለስ።»

«እዚህ ነው እላለሁ!»

«አምስት፣ አባ።»

ሦስት መደዳ ተመልሶ ቆመ። ገመዱን እዚያው ገትሮ ያያት ጀመር። ውዴ አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። ሀቢብ «የሁለቱን መደዳ ዋጋ እጨምራለሁ» ብሎ ሄዶ ገመዱን አጎቴ ከቆመበት ቦታ ባለው ግንድ ላይ አሰረ።