የልጃቸው ሾርባ

እማማ ኤልዛ ሾርባው በቀረበ ቁጥር አንዲት አጭር ቃል ይላሉ፤ «ጊፍት»። ስመኝ አሜሪካ ውስጥ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር ቤታቸው ድረስ እየሄደች የምትጦራቸው ጀርመናዊት አሮጊት ናቸው። አእምሯቸው ከደከመ ወዲህ እንግሊዝኛውን ረስተው ወደ ልጅነት ቋንቋቸው ተመልሰዋል። የዋኋ ስመኝ «ስጦታ ማለታቸው ነው» ብላ ከልጃቸው ከከርት ጋር ትስቅ ነበር። ከርት ሾርባውን ራሱ እየሠራ በፔርሙዝ የሚያመጣ፣ ለሰላምታ እንኳ የሚሽቆጠቆጥ ሰው ነው።

ታክሲ ነጂው ባህሩዲን ግን አሜሪካ ከመግባቱ በፊት ጀርመን ኖሯል። አንድ ቀን ወደ ቤቷ ሲያደርሳት ነገሩን እየሳቀች አጫወተችው። እሱ አልሳቀም።

«ስሚ እህቴ፣ ስጦታ የሚሆነው በእንግሊዝኛ ነው። በጀርመንኛ ግን መርዝ ማለት ነው።»

«ወይኔ ጉዴ! ሱፐርቫይዘሬን ኮል ላድርግ?»

«ምን ብለሽ? ሴትየዋ ኮንፊውዝድ ናቸው ይሉሻል። ሥራሽን ታጫለሽ። ብቻ ሰውየው አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ እንዳይሆን!»

እውነቱን ነው፤ የጃጀ ሰው ምን የማይለው አለ? ግን አሮጊቷ ከሰውነት ተራ እየወጡ ነበር። ዝም ብላ አጉርሳቸው ቢሞቱስ? ስመኝ እንቅልፍ አጣች።

እሑድ ከርት መጣ። ሾርባውን በሳህን ቀድቶ ሰጣትና በሩ ላይ ቆሞ ይመለከት ጀመር። እማማ ኤልዛ ያችኑ ቃል ብለው አፋቸውን ገጠሙ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስመኝ የተወለደችበት አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አያቀርብም። ነውር ነው። እናቷ ለገዛ ጎረቤቷ እንኳ ሳትቀምስ ሰጥታ አታውቅም። እውነቱን የምታጣራበት ሌላ መላ ስላልመጣላት ማንኪያውን ወደ ራሷ አፍ መለሰች።

«ይዩኝ እማማ፣ እኔ ልቅመስልዎት» አለች፤ በማይገባቸው አማርኛ።

ከርት ከበሩ ተነስቶ መቼ አጠገቧ እንደደረሰ አላየችም። እጇን ጨምድዶ ያዘው፤ ማንኪያው ወለሉ ላይ ወደቀ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንቺ አትቅመሺ» አለ። «ይሄ ለእናቴ ብቻ ነው።»

ከአፉ ያመለጠውን ስመኝም እሱም ሰሙት። ስመኝ ሳህኑን አለቀቀችም። ደረቷ ላይ አስጠግታ በአሮጊቷና በልጃቸው መካከል ቆመች።

ከርት ሳህኑን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ እንደወትሮው በትሕትና ፈገግ አለና ሄዶ በሩን ከውስጥ ቆለፈው።