ከግጥሙ ሥር የሚያንጎራጉረው

ሰዉ ሁሉ "ሹክሹክታ" ይለዋል፤ ራፕ ሲያደርግ ጆሮ ላይ ምስጢር የሚነግር ይመስላልና። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞቹ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ያስጨፍሩ ነበር። ምቱን የሚሠራለት ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ቀን ልብስ ሰፊ፣ ማታ ኮምፒውተር ላይ ተጣብቆ የሚያመሽ። ሁለተኛው አልበም ገና ትኩስ ሳለ ወንድምየው ደረቴን ብሎ ተኛ፤ በዚያው ቀረ።

ሹክሹክታ የወንድሙን ሱቅ ከፍቶ ገባ። ሦስተኛውን አልበም እዚያው፣ ሳያልቁ በተንጠለጠሉ ኮቶች መሃል ቀረጸው። ከበሮ የለውም፤ ምቱ የስፌት መኪናው ፔዳል፣ የመቀሱ ቀጭ ቀጭ፣ የካውያው ትንፋሽ ነው።

"በዚህ ሂፕሆፕ ማንም አይጨፍርም እኮ" አለው የድምፅ ባለሙያው።

"አይጨፍር።"

አምስተኛውን ዘፈን ሲያዳምጡ ግን ባለሙያው ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። "ከግጥሙ ሥር የምታንጎራጉረው አንተ ነህ?"

"እኔማ አፌ በግጥም ተይዟል!"

በሩን ዘጉ፤ ማራገቢያውን አጠፉ፤ ደግመው ቀረጹ። ማንጎራጎሩ አለ። ወፍራም፣ ከዜማው ትንሽ ወረድ ያለ። ባለሙያው ዕቃውን ሰብስቦ "ከእንግዲህ እዚህ እግሬ አይረግጥም" ብሎ ወጣ።

ሹክሹክታ ቅጂውን ይዞ እናቱ ዘንድ ሄደ። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች አገኛት። ስትሰማ አንሶላው ከእጇ ወደቀ።

"ወንድምህ ዛሬም ዜማ ይስታል" ብላ ሳቀች። ከዚያ አንሶላውን አንስታ ፊቷን ሸፈነችበት።

አሳታሚው "ይህን ጉርምርምታ አጥፋልኝ" ቢለው አሻፈረኝ አለ። አልበሙ ወጣ፤ ወደቀ። ራዲዮ ጣቢያዎች ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት፤ "ልጁ ቀወሰ" ተባለ፤ የሚጠራውም ጠፋ።

ዓመታት አልፈው ተማሪዎች ከስልክ ስልክ ሲቀባበሉት አልበሙ ነፍስ ዘራ። ጋዜጦች የሥራው ሁሉ ቁንጮ አደረጉት። ትልቅ አዳራሽ ተጋበዘ። አምስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ ሕዝቡ ግጥሙን ትቶ ማንጎራጎሩን ያዘ፤ ልክ እንደ ወንድሙ ዜማውን እየሳተ። ያ ሁሉ ጉሮሮ የአንድ የሞተ ሰው ሆነበት። ማይኩን ዝቅ አደረገ። ደስም አለው፣ ፈራም፤ ትንሽ ቀናም።

ከዚያ ወዲያ ሱቁ እየገባ ስንቴ ሞከረ! የስፌት መኪናው ይንኳኳል እንጂ የሚያንጎራጉር የለም። በመጨረሻ አራተኛውን አልበም ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን ሠራ። "እንደዚያኛው አይሆንም" አሉት አድማጮቹ። አልተከራከረም።

ለእናቱ ወሰደላት፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ሰማች።

"ወንድምህስ?"

"እዚህ ላይ የለም፣ እማዬ።"

ማዳመጫውን ግን አላወለቀችም።

"በል ከመጀመሪያው ክፈትልኝ" አለችው። "እሱን ስፈልግ አንተን አልሰማሁህም።"